ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል፤ ከጎንደር ወጥተው መጽሐፋቸውን በአማርኛ የጻፉት ሊቅ



ሰሞኑን በቂርያት ኖርዳው አንድ ሽማግሌ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት የተሰጠውን የቤት ሥራ ይዞ መጣ። ሥራው የሚኖርበት ሰፈር በማን ስም እንደተሰየመ ጽፎ እንዲያቀርብ ነው። ማክስ ኖርዳው ሐኪምና ደራሲ እንደነበሩ፣ ከሄርጽል ጋር ሆነው የጽዮናውያንን ጉባኤ ካቋቋሙት አንዱ እንደሆኑ የማውቀውን ያህል ነገርኩት። በከተማችን መሐል የሚያልፈው ትልቁ መንገድም በሄርጽል ስም እንደተሰየመ፣ እሳቸውም ጋዜጠኛና ደራሲ እንደነበሩ ጨመርኩለት። ልጁ ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለና በዕብራይስጥ፣ ከእኛስ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበረ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አያትየው ቋንቋውን ገና ስላልለመዱ ጥያቄውን በአማርኛ መለስኩላቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ የእኛ ሰው ሲያርስ፣ ብረት ሲቀጠቅጥና ሲሸምን ኖረ እንጂ መቼ ለመጻፍ ፋታ አገኘ አሉ።

ነገሩ እንኳ እንደዚያ አይደለም። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ኖረዋል ከሚባሉት ከአባ ጸብራ ጀምሮ የእኛ መነኮሳትና ቄሶች በግዕዝ ሲጽፉና ሲገለብጡ ኖረዋል። ኦሪቱን ብቻ ሳይሆን ትእዛዘ ሰንበትንና ሞተ ሙሴን የመሰሉ መጻሕፍት በብራና ላይ ጽፈው ከአባት ወደ ልጅ አውርሰዋል። ሆኖም ልጁ የጠየቀኝ ስለ ብራና መጽሐፍ አልነበረም። በስሙ የሚታወቅ፣ በማተሚያ ቤት መጽሐፍ ያሳተመ፣ እንደ ኖርዳውና እንደ ሄርጽል ዓለምን ዞሮ ያየ ሰው ነው የፈለገው። ለዚህ ጥያቄ ወዲያው ወደ አፌ የመጣልኝ ስም የፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል ነበር። አያትየውም ሆኑ ልጁ ስሙን ሰምተውት አያውቁም።

በዚህ ዓመት ገብታችሁ ገና በኡልፓን ፊደል የምትቆጥሩ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘው ቤት ሲገቡ የምትመልሱላቸው እንዲኖራችሁ ታሪካቸውን ዘርዘር አድርጌ አቅርቤአለሁ። ዓመታቱን የጻፍኩት እዚህ አገር በለመድነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስላት የሚፈልግ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይቀንስ። ስማቸውንም አንዳንዶች ተአምራት ብለው ስለሚጽፉት ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ።

ከክፉ ቀን ጋር የተወለደ ልጅ

ታምራት የተወለዱት በ1888 ገደማ በጎንደር አገር ነው። ያ ዓመት ምን ዓመት እንደነበረ ከአያቶቻችሁ አፍ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ደርቡሾች ገብተው ጎንደርን ያቃጠሉበት፣ ቀጥሎም የከብት በሽታ የገበሬውን በሬ የፈጀበት፣ ከዚያ ረሃቡ የተከተለበት፣ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሰየመው ዘመን ነው። ችግሩ እስከ 1892 ቆየ። መሬት የሌለው፣ በእደ ጥበቡ የሚያድረው የእኛ ወገን ደግሞ ከሌላው ይልቅ ተጎዳ። ገበሬው እህል ካላገኘ ማረሻ የሚያሠራም ሆነ ጋን የሚገዛ አይኖርምና። ብዙ መንደር ጠፋ፣ ብዙ ቤተሰብ ተበተነ።

በዚያን ጊዜ ሚሲዮኖች ከ1860 ጀምሮ በደምቢያና በአካባቢው በቤተ እስራኤል መካከል ሥራ ከጀመሩ ሰላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነበር። በራቸውን ያንኳኳው ሁሉ ሃይማኖቱን ጠልቶ አልነበረም፤ አንዳንዱ ፊደል ፈልጎ፣ አንዳንዱ ለልጁ እንጀራ ፈልጎ ነው። ታምራትም በልጅነታቸው የተማሩት አሥመራ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ይህን ሳልሸሽግ የምጽፈው ከአዲሶቹ ቤተሰቦች መካከል አያቶቻቸው በዚያው በር አልፈው ስለነበር ዛሬ አንገታቸውን የሚደፉ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ከቤተ እስራኤል በዘመናዊ ትምህርት የመጀመሪያው ታላቅ ሊቅ የሚባሉት ሰው የመጡትም በዚያው መንገድ ነው።

ከፓሪስ ወደ ፍሎረንስ

በ1904 ያዕቆብ ፋይትሎቪች የሚባሉ፣ ሎጅ በምትባል የፖላንድ ከተማ የተወለዱ ወጣት አይሁዳዊ ከፓሪስ ተነሥተው ወደ ኢትዮጵያ ሄዱ። መምህራቸው ጆሴፍ ሃሌቪ በ1867 ቤተ እስራኤልን ለመጎብኘት ተጉዘው ስለ እኛ ወገን ለአውሮፓ አይሁድ የመሰከሩ ሰው ነበሩ። ፋይትሎቪች መምህራቸው የጀመሩትን ሊፈጽሙ ተነሥተው ዕድሜያቸውን በዚሁ ጨረሱ። በቅሎ እየጫኑ በየመንደራችን የዞሩትን ዶክተር ፋይትሎቪችን ከአያቶቻችን የሚያስታውሷቸው ብዙዎች ነበሩ።

ፋይትሎቪች በ1905 ወደ አውሮፓ ሲመለሱ ሁለት ወጣቶች ይዘው ሄዱ። አንዱ ጌቴ ኤርምያስ፣ ሌላው ታምራት አማኑኤል ነበሩ። ታምራት ያን ጊዜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ ማለት ነው። የታሰበው ሁለቱ በፓሪስ በአሊያንስ የመምህራን ማሠልጠኛ ተምረው ወገናቸውን ለማስተማር እንዲመለሱ ነው። ጌቴም በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው አስተምረዋል።

እስቲ አስቡት። እናንተ ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ጣቢያ ስትደርሱ የሚቀበል ዘመድ ነበረ፤ ባይኖር እንኳ አማርኛ የሚናገር ሰው አልጠፋም። እነዚህ ሁለት ልጆች ፓሪስ ሲገቡ ቋንቋቸውን የሚሰማ ከዶክተሩ በቀር አንድ ሰው አላገኙም። እንዲያውም አይሁድ መሆናቸውን የሚጠራጠር ብዙ ነበር። አሊያንስ የሚባለው ትልቅ ድርጅት ራሱ ልቡ ሳይወስን ቆይቶ በ1908 ራቢ ሐይም ናሁምን ልኮ አስጠናና፣ የመጣለት ዘገባ የሚያበረታታ ስላልነበረ ፋይትሎቪች የጠየቁትን ትምህርት ቤት ለመክፈት እንቢ አለ። ይሁዲ መሆንን ለማስረዳት ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ መመላለስን የምታውቁ ሁሉ፣ ነገሩ በእናንተ እንዳልተጀመረ ከዚህ ትረዳላችሁ።

ፋይትሎቪች በአሊያንስ ተስፋ ሲቆርጡ ፊታቸውን ወደ ጣሊያን አዞሩ። በፍሎረንስ ከተማ ራቢ ሳሙኤል ሒርሽ ማርጉሊየስ የሚባሉ ትልቅ መምህር የሚመሩት የራቢዎች ኮሌጅ ነበር። እኝህ ሰው ቤተ እስራኤልን የሚረዳ ኮሚቴ አቋቋሙና ታምራት ወደዚያው ተዛወሩ። ጥቂት ጊዜ ለመማር የሄዱት ወጣት ከአሥር ዓመት በላይ ቆዩ። በመካከሉም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አለፈ።

በአሥመራ ሚሲዮን ያደገ ልጅ በፍሎረንስ ያገኘውን ትምህርት ማሰቡ ይገርመኛል። በአገራችን ቄሶቹ ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነው። ታልሙድ የሚባል የለም፣ ሐኑካም አይታወቅም፤ በአስቴር መታሰቢያም ይጾማል እንጂ አይዘፈንም። ታምራት ኦሪትን በተጻፈበት በዕብራይስጥ፣ የራቢዎቹንም ሕግ ከመምህራን አፍ ተማሩ። ጣሊያንኛንና ፈረንሳይኛን ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፉባቸው ቋንቋዎች እስኪሆኑ ድረስ አወቋቸው። ኋላ የታወቁት የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ኡምቤርቶ ካሱቶም በዚያን ዘመን ከዚያው ኮሌጅ የወጡና ያስተማሩ ናቸው። ስለዚህ ታምራት የተማሩት በዘመኑ ከታወቁ የትምህርት ቦታዎች በአንዱ ነው፤ ለችግረኛ ተብሎ በተከፈተ ክፍል አይደለም።

የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት

በ1920 ታምራት ከፋይትሎቪች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ የተማረ ሰው በብርቱ የሚሹበት ጊዜ ነበር። በ1924 ገደማ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተና ታምራት ዳይሬክተሩ ሆኑ። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ በእግርና በበቅሎ የብዙ ሳምንታት መንገድ ነው። ዓባይን የሚሻገሩት በክረምት ሳይሆን በበጋ ነው፤ ሽፍታም አለ፣ ወባም አለ። ያን ሁሉ አልፎ ልጁን የሚልክ ወላጅ ምን ያህል ተስፋ ቢያደርግ ነው?

ትምህርት ቤቱን የከፈቱት ዶክተር ፋይትሎቪች ቢሆኑም አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ለመለመን በአውሮፓና በአሜሪካ ነበሩ። ስለዚህ የየዕለቱ ጣጣ ሁሉ በታምራት ላይ ወደቀ። የሚበላው፣ የሚለበሰው፣ የታመመውን ማሳከም፣ ከመንግሥት ሰዎች ጋር መነጋገር፣ መጽሐፍ በጠፋበት አገር ዕብራይስጥ ማስተማር የእሳቸው ሥራ ነበር። ለዶክተሩ በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው። አልፎ አልፎ ምሬት ይነበብባቸዋል። ገንዘቡ በጊዜው አይደርስም፤ ትእዛዝ ግን ከሩቅ ይመጣል። ታምራትም የታዘዙትን ሁሉ ዝም ብለው የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም፤ ሐሳባቸውን በግልጽ ይጽፉ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሲወዳጁና ሲጣሉ ኖሩ ማለት ይቻላል።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ዶክተሩ ባይኖሩ በሩ ባልተከፈተ። ነገር ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ በየዕለቱ ደጁ ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን የተቀበለው ታምራት ነበሩ። ያም ሆኖ የፋይትሎቪች ስም በብዙ መጽሐፍ ሲነሣ የታምራት ስም በግርጌ ይቀራል። ይህ ያስቆጨኛል።

አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ መቅረት የለበትም። ትምህርት ቤቱ ከመንደሮቻችን በጣም የራቀ ነበር፤ ተማሪው ሲመለስ ከአባቶቹ ጋር መግባባት የሚያቅተው ጊዜ ነበር። ዶክተሩ መሥዋዕቱና ምንኩስናው እንዲቀር፣ ሥርዓቱ ሁሉ በሌላው ዓለም እንዳሉት አይሁድ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ቄሶቹ ደግሞ ከአባቶቻቸው የተቀበሉትን እንዴት ይተዉ? ተማሪው በመካከል ቆመ። እዚህም በኡልፓንና በትምህርት ቤት የሚሰማው ሌላ፣ በቄሳችን አንደበት የሚሰማው ሌላ የሆነበት ወጣት ስላለ ነገሩ ይገባናል።

ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤትና ከየመንደሩ ተመርጠው በጠቅላላው ሃያ አምስት ያህል ወጣቶች ወደ ውጭ ተላኩ። ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ፈረንሳይ የሄዱ አሉ። ከእነዚህም የወለቃው ልጅ ዮና ቦጋለ በኢየሩሳሌም፣ በፍራንክፈርትና በሌሎች ከተሞች ተምረው ተመልሰው በታምራት ትምህርት ቤት አስተማሩ። ኋላ የወገናችን መሪና ቃል አቀባይ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ታደሰ ያዕቆብ በንጉሡ መንግሥት ከፍተኛ ሹም ሆኑ። ሁሉም ግን እንዲህ አልተቃናላቸውም። አንዳንዶቹ ብርዱንና በሽታውን ሳይችሉ በወጣትነታቸው በሰው አገር አረፉ። የእነዚያ ልጆች እናቶች በጎንደር ስንት ዓመት ደጅ ደጁን እንዳዩ የሚነግረን ደብዳቤ የለም፤ መጻፍ አይችሉም ነበርና።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከተማችን ናታንያ ገና አልተወለደችም። የተቆረቆረችው በ1929 ነው። ታምራት ያን ጊዜ የአርባ ዓመት ሰው ሆነው በአዲስ አበባ ለልጆቻችን አሌፍ ቤት ያስተምሩ ነበር።

የጣሊያን ዘመን

በጥቅምት 1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ፤ በግንቦት 1936 አዲስ አበባ ገባ። ታምራት ከሌላው ሰው የተለየ መከራ ገጠማቸው። ያስተማራቸው፣ ቋንቋውን የሰጣቸው፣ በወጣትነታቸው ያስጠጋቸው አገር በታንክና በመርዝ ጋዝ መጣባቸው። በዚያው ዓመት ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦ የሚባሉ ሰው ከጣሊያን አይሁድ ማኅበር ተልከው የቤተ እስራኤልን ኑሮ ለማጥናት ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ታምራትም ረዷቸው። ጥያቄው የሚጠየቀው በወራሪው ዘመን መሆኑ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ነው።

በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ሁላችንም የካቲት አሥራ ሁለት ብለን የምናውቀው እልቂት ሆነ። ጣሊያን ከተራው ሕዝብ ቀጥሎ በተለይ የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለቀመ ገደለ። በውጭ አገር የተማረ መሆን ብቻውን ወንጀል ሆነ። ታምራት በዚያው ዓመት ከአገር ወጥተው ወደ ግብፅ ተሻገሩ፣ ከዚያም ኢየሩሳሌም ገቡ። ትምህርት ቤቱም በወረራው ጠፋ።

በ1938 የጣሊያን መንግሥት በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣ። አይሁድ አስተማሪዎችና ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ካሱቶም ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ። በ1943 ደግሞ ታምራት ወጣትነታቸውን ያሳለፉባት የፍሎረንስ ማኅበረሰብ ብዙ ሰዎች ተይዘው ወደ ሞት ካምፕ ተጋዙ። ታምራትን በጥቁርነታቸው ያሳደደ መንግሥት መምህሮቻቸውን በይሁዲነታቸው አሳደደ።

ኢየሩሳሌም ሲገቡ አባቶቻችን ሲመኟት የኖሩትን ከተማ አገኙ ማለት ነው። በዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በገባበት በ1940 ንጉሡ ወደ ካርቱም ሲመጡ ግን ታምራት ከአርበኞቹና ከስደተኞቹ ጋር ተሰለፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በ1941 ሲገቡም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይህን ስጽፍ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ታምራት ይሁዲነታቸውንና ኢትዮጵያዊነታቸውን እንደ ሁለት ጌቶች አላዩም። አገሪቱ የተማረ ሰው አልቆባት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። ልጆቹም ያለ አስተማሪ ቀርተዋል።

መጽሐፋቸው

ከተመለሱ በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር በከፍተኛ ሥራ ላይ ተመደቡ። ፕሮፌሰር ታምራት የሚባሉትም በዚሁ ዕውቀታቸው ነው። በንጉሡም ዘንድ ምክራቸው ይሰማ ነበር። እኔ ግን ከሹመታቸው ይልቅ በዚያው ሰሞን፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ ጽፈው በአዲስ አበባ ያሳተሙትን ቀጭን መጽሐፍ አስበልጣለሁ። ስሙ ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን ይባላል።

የመጽሐፉን ክብደት ለመረዳት ጊዜውን ማየት ያስፈልጋል። በአማርኛ ልብ ወለድ መጻፍ ከተጀመረ ገና አርባ ዓመት አልሞላም ነበር። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ በሮም የታተመው በ1908 ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራ የጀመረው በ1920ዎቹ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር፤ እሳቸውም በ1938 በእንግሊዝ አገር በስደት አረፉ። ጣሊያን ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ጸሐፊና አንባቢ ፈጀ። ታምራት እንግዲህ አመድ ላይ ተቀምጠው፣ የዚህ አገር ሰዎች እነማን ምን ጻፉ ብለው ጠየቁ። የመጻሕፍት ስም መደርደሩ አላጠገባቸውም፤ ስለ ደራሲዎቹ ሥራ እንደ አንድ ሊቅ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የጻፉ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ምሁራን ይህን ትንሽ መጽሐፍ እየጠቀሱ ሲሠሩበት ኖረዋል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ታምራት ይህን መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ሊጽፉት ይችሉ ነበር፤ ፓሪስ ያነበዋል። በጣሊያንኛም ሊጽፉት ይችሉ ነበር፤ ብዙ ደብዳቤአቸውን የጻፉት በእነዚህ ቋንቋዎች ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የተማሩት ትምህርት በሙሉ በአማርኛ አልነበረም። አሥራ አምስት ዓመት ያህል በባዕድ አገር ኖረው ቋንቋቸውን አልረሱም። አለመርሳት ብቻ ቢሆን ብዙ አይባልም፤ የቡናና የገበያ አማርኛ ማንም አይረሳም። እሳቸው ግን አማርኛን የሊቅ ቋንቋ አድርገው፣ በአውሮፓ የተማሩትን የምርምር ስልት በእሱ ጻፉበት። ይሁዲ ሆነው ስለ ክርስቲያን ደራሲዎች ሥራ በክብር መጻፋቸውም ራሱ የሚታሰብ ነገር ነው። በዚያ አገር የእኛን ወገን ፈላሻ እያለ የሚንቅ፣ ቡዳ እያለ የሚሸሽ ብዙ ሰው ነበረና።

በየቤታችን የምናየውን ታውቃላችሁ። እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በዕብራይስጥ ይመልሳል። ከባንክ ወይም ከቢቱዋሕ ሌኡሚ ደብዳቤ ሲመጣ ልጁ ያነብና የፈለገውን ያህል ይተረጉማል። አንዳንድ ወላጅ ደግሞ፣ ልጄ ቋንቋ እንዳይደባለቅበት ብሎ አማርኛውን ሆን ብሎ ያስቀርበታል። ለእነዚህ ወላጆች ልነግራቸው የምወደው፣ ታምራት ዕብራይስጥን በደንብ ያወቁት አማርኛን ትተው እንዳልነበረ ነው።

ከፓሪስ እስከ ኢየሩሳሌም

በ1948 ታምራት በፓሪስ በኢትዮጵያ ኤምባሲ የባህል ጉዳይ ሹም ሆነው ተላኩ፤ እስከ 1951 በዚያ ሠሩ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ማንም ሳያውቃቸው ወደገቡባት ከተማ በስልሳ ዓመታቸው የመንግሥት መልእክተኛ ሆነው ተመለሱ። የእስራኤል መንግሥት የታወጀውም በዚያው ዓመት ነው። ኢትዮጵያ በኅዳር 1947 ፍልስጥኤም ስትከፈል በተሰጠው ድምፅ ድምፀ ተዓቅቦ አድርጋ ነበር። የሁለት ወገን ልጅ የሆነ ዲፕሎማት በዚያ ወቅት በአውሮፓ ጋዜጣ ሲያነብ ምን ይሰማው እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜአቸው ጸጥ ያለ ነው። ዶክተር ፋይትሎቪች በ1955 በቴል አቪቭ አረፉ። በዚሁ ዓመትና በተከታዩ በ1956 ሃያ ሰባት የቤተ እስራኤል ወጣቶች በራዕናና በሚገኘው ክፋር ባትያ ለትምህርት መጡ፤ ከናታንያ በአውቶቡስ ብዙም አይርቅም። ሐሳቡ ያው በ1905 በሁለት ልጆች የተጀመረው ነበር። ወጣቶቹ ተምረው ወገናቸውን ሊያስተምሩ እንዲመለሱ ነው። ከእነዚያ ወጣቶች አንዳንዶቹ ኋላ ወደ እስራኤል ለመውጣት በተደረገው ትግል ቀድመው የቆሙ ናቸው።

ታምራት የመጨረሻ ዘመናቸውን በኢየሩሳሌም አሳልፈው በ1963 እዚያው አረፉ። ቤተ እስራኤል ይሁዲ ነው ብለው ዋና ራቢው ኦቫድያ ዮሴፍ የወሰኑት በ1973 ነው፤ የመመለስ መብት ሕግም ለእኛ የተፈቀደው በ1975 ነው። ሊቁ ይህን አላዩም። ሙሴ የተባለውን ዘመቻ፣ ሰሎሞን የተባለውን ዘመቻ፣ በስግድ ዕለት በኢየሩሳሌም ተራራ ላይ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ወገን ሲሰበሰብም አላዩም። በዘመናቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ የቤተ እስራኤል ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ኢማኑኤላ ትሬቪዛን ሴሚ የሚባሉ የጣሊያን ምሁር ሰብስበው በ2000 በቶሪኖ ከተማ አሳትመዋቸዋል። ስለ ሕይወታቸውም ኋላ ሌላ መጽሐፍ ጽፈዋል። የዶክተር ፋይትሎቪች መጻሕፍትና ወረቀቶች በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ የሚያነብ የእኛ ወጣት ቢገኝ እዚያ ብዙ የሚሠራው አለ።

የቂርያት ኖርዳው ልጅ የቤት ሥራውን ስለ ማክስ ኖርዳው ጽፎ አስረክቧል። አያትየው ግን ስሙ እንዳይጠፋባቸው በአማርኛ በትልቁ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ታምራት አማኑኤል ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ወረቀቱን አጥፈው ጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት።